ግዴታውን የማይወጣ ሰው በምን አፉ ስለ መብት ያወራል?

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጎረቤቴ ነጋዴ ነው። ገቢውን እየደበቀ ግብር እንደሚያጭበረብር የማያውቅ የለም። በቅርቡ ፖሊሶች የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይዙ ገብተው ቤቱን ፈተሹት። እሱ ታዲያ መብቴ ተጣሰ ብሎ ክስ መሠረተ። መብትና ግዴታ የአንድ ሳንቲም ሁለት ገጽታዎች ናቸው ተብለን ነው የተማርነው። ግዴታውን የማይወጣ ሰው በምን አፉ ነው ስለ መብት የሚያወራው? ፍርድ ቤትስ ለምን ይሰማዋል?»

ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ንዴትዎ ይገባኛል። ግብሩን ሳያጎድል የሚከፍል ሰው፣ የሚያጭበረብረው ጎረቤቱ ከእሱ እኩል ሲከበር አይቶ ቢበሽቅ አይፈረድበትም። መልሴን ግን ሳልሸፋፍን ከፊት ላስቀምጠው፦ ጎረቤትዎ ግብር ቢያጭበረብር እንኳ መብቱ አልጠፋም፤ ያለ ትእዛዝ ተፈትሾ ከሆነ ፍርድ ቤት ሊሰማው ይገባል። ይህን የምለው ለአጭበርባሪ አዝኜ አይደለም። የመብትና የግዴታን ዝምድና ብዙዎቻችን የተማርነው ተሳክሮ ስለሆነ ነው፤ የተሳከረው ትምህርት ደግሞ ክፉ ቀን ሲመጣ ብዙ ሰው ይጎዳል።

የሳንቲሙ አባባል ሐሰት አይደለም። የሚያሳስተን ሁለቱ ገጾች ወደ ማን እንደሚያዩ ሳንጠይቅ ስናልፈው ነው። አብዛኛው ሰው የሚረዳው እንዲህ ነው፦ በአንዱ ገጽ መብቴ፣ በሌላው ገጽ ግዴታዬ፣ ሁለቱም የኔ፤ ስለዚህ ግዴታዬን ከጣልኩ መብቴም አብሮ ይወድቃል። ሕግ የሚያውቀው ዝምድና ግን ሌላ ነው። ዌስሊ ሆፌልድ የተባለ አሜሪካዊ የሕግ ምሁር በ1913 ባሳተመው ጽሑፍ አጥርቶ አስቀምጦታል (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የአንድ ሰው መብት የሚጣመረው ከሌላ ሰው ግዴታ ጋር ነው ይላል። ገንዘብ አበድሬዎት ከሆነ፣ የኔ የመቀበል መብትና የእርስዎ የመክፈል ግዴታ አንድ ነገር ናቸው፤ ከኔ በኩል ሲያዩት መብት፣ ከእርስዎ በኩል ሲያዩት ግዴታ። ሳንቲሙ አንድ ነው፣ ገጾቹ ግን የሚያዩት ወደ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነው።

ይህንን ወደ ጎረቤትዎ እናምጣው። ቤቱ በዘፈቀደ እንዳይፈተሽ መብት አለው። የዚህ መብት ሌላው ገጽ ግብር የመክፈል ግዴታው አይደለም፤ ፖሊሶቹ ከመግባታቸው በፊት ትእዛዝ የመያዝ ግዴታቸው ነው። ግብር የመክፈል ግዴታው ደግሞ ሌላ ሳንቲም ነው፤ በዚያኛው ገጽ ያለው መንግሥት፣ በመንግሥት በኩልም እርስዎና ሌላው ግብር ከፋይ ናችሁ። እንግዲህ በሁለት ጉዳይ ሁለት ባለ ግዴታዎች አሉ፤ ሁለቱም በየራሳቸው ይጠየቃሉ እንጂ የአንዱ ጥፋት የሌላውን ጥፋት አያጣፋም። እርስዎ ለኔ ያለብዎትን ብድር ስላልከፈሉ ሦስተኛ ሰው ተነሥቶ መኪናዎን ቢሰብር፣ «እሱም እኮ ብድር አይከፍልም» ብሎ ከተጠያቂነት ማምለጥ አይችልም። ነገሩ ይኸው ነው።

ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ክስ ሲቀርብለት ምን እንደሚጠይቅ ለማየት አንድ የቆየ መዝገብ ልጥቀስ። በ1762 የእንግሊዝ ንጉሥ መልእክተኞች ጆን ኤንቲክ የተባለ ጸሐፊ ቤት ገቡ። መንግሥትን የሚያንቋሽሹ ጽሑፎች ውስጥ እጁ አለበት ተብሎ ነበር። አራት ሰዓት ሙሉ መቆለፊያ እየሰበሩ፣ ሣጥን እየከፈቱ ቤቱን አተረማመሱት፤ የፈለጉትንም ወረቀት ይዘው ሄዱ። ትእዛዝ አልያዙም እንዳይባል በእጃቸው ከአንድ ሚኒስትር የተሰጠ ወረቀት ነበር። ኤንቲክ ከሰሳቸው። በ1765 ዋና ዳኛው ሎርድ ካምደን ፍርዱን ሲሰጡ፣ ኤንቲክ ታማኝ ዜጋ ነው ወይስ አይደለም ብለው አልተጨነቁም። የጠየቁት ሚኒስትሩ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን ከየት አገኘ ብለው ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ካለ በሕግ መጻሕፍት ውስጥ ይገኝ ነበር፤ እዚያ ካልተገኘ ግን ሕግ አይደለም አሉ። ኤንቲክ 300 ፓውንድ ካሣ ተፈረደለት። ያ ፍርድ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ለኤንቲክ ጠባይ ሳይሆን የባለሥልጣን ሥልጣን ከሕግ እንደሚመነጭ ስለተናገረ ነው። የጎረቤትዎን ክስ የያዘው ዳኛም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ፖሊሶቹ በምን ሥልጣን ገቡ?

እዚህ ላይ «ዋናው ሐሳቤ አልተመለሰም» ሊሉኝ ይችላሉ። ሕጉ እንዲህ ይሁን፤ ግን መብት ግዴታውን ለሚወጣ ሰው ብቻ ቢሰጥ አይሻልም ወይ? ሰው ሁሉ በጨዋነት ይኖር ነበር እኮ።

ይህ ሐሳብ ተሞክሯል፤ የሆነውንም እናውቃለን። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ፍርድ ቤት ተጠርቶ አልቀርብም ያለ ሰው ከሕግ ውጭ ነው ተብሎ ይታወጅበት ነበር። እንዲህ የታወጀበት ሰው «የተኩላ ራስ ተሸክሟል» ይባላል፤ ያገኘው ሰው እንደ አውሬ ቢገድለው ጠያቂ አልነበረም። በፈረንሳይ ደግሞ ከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው በሕይወት እያለ በሕግ እንደ ሞተ ይቆጠር ነበር። ትዳሩ ይፈርሳል፤ ንብረቱ ለወራሾቹ ይከፋፈላል፤ ቢበደል በራሱ ስም መክሰስ አይችልም። ይህ ሥርዓት የተሻረው በ1854 ነው። እስኪ አስቡት፦ ሚስትና ልጆች ምን አጠፉ?

ሃያኛው ክፍለ ዘመን የባሰውን አሳየን። በ1935 የጀርመን ናዚ መንግሥት ያወጣው የዜግነት ሕግ ሙሉ ዜግነትን መጀመሪያ በዘር ለየ፤ በዚያ ላይ ደግሞ የጀርመንን ሕዝብና መንግሥት በታማኝነት ለማገልገል ፈቃደኛና ብቁ መሆኑን በጠባዩ ላስመሰከረ ሰው ብቻ የሚሰጥ አደረገው። ይህችን ሁለተኛዋን ሐረግ ሰው ብዙ ጊዜ አያስተውላትም፤ በዘሩ የተቀደሰውም ሰው መብቱ በጠባዩ ላይ የተንጠለጠለ ሆነ። ሶቪየት ኅብረት በ1977 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 59፣ ዜጎች በመብታቸው መጠቀማቸው ግዴታቸውን ከመወጣታቸው ሊነጠል አይችልም ተባለ። ንባቡ እርስዎ የጻፉልኝን ይመስላል፤ ጨዋ ዓረፍተ ነገር ነው። ግን እዚያው አገር በ1964 ጆሴፍ ብሮድስኪ የተባለ ወጣት ገጣሚ የመሥራት ግዴታህን አልተወጣህም፣ ጥገኛ ነህ ተብሎ ሌኒንግራድ ላይ ተከሰሰ። ግጥም መጻፉ ሥራ ተብሎ አልተቆጠረለትም። አምስት ዓመት በግዞት የጉልበት ሥራ ተፈረደበት። ይኸው ሰው በ1987 በሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት አሸነፈ። ባያሸንፍም ፍርዱ ያው ግፍ ነበር።

ከእነዚህ ታሪኮች የማየው አንድ ነገር ነው። መብት በግዴታ የሚገዛ ከሆነ፣ ግዴታው መሟላቱን የሚመዝን ሰው ያስፈልጋል። ሚዛኑን የያዘው ሁልጊዜ ባለሥልጣን ነው፤ መብት ያስፈለገው ደግሞ ከዚያው ከባለሥልጣኑ ሊጠብቀን ነው። ዛሬ «ግብር ያላጠናቀቀ ሰው ቤቱ ያለ ትእዛዝ ይፈተሽ» ካልን፣ ነገ የማን ግብር እንደተጠናቀቀ የሚወስነው ፈታሹ ይሆናል። የእርስዎ ሰነድ ላይ አንዲት ቁጥር ብትሳሳትስ? ነግ በኔ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

በዓለም አቀፍ ሰነዶች ውስጥ ግዴታ የለም ማለቴ ግን አይደለም። በ1948 የጸደቀው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ 30 አንቀጾች አሉት፤ 29ኛው እያንዳንዱ ሰው ለማኅበረሰቡ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። በ1981 የጸደቀው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተርም ለግዴታ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል፤ አንቀጽ 29 ላይ ግብር መክፈልን ሳይቀር ጠቅሷል። ልብ ብለው ቢያነቧቸው ግን ሁለቱም ሰነዶች «ግዴታውን ያልፈጸመ መብቱን ያጣል» አይሉም። ግዴታ አለብህ ይላሉ፤ መብትህንም ስትጠቀም የሌላውን መብት አክብር ይላሉ። ከዚያ አልፈው መብትን የግዴታ ደመወዝ አላደረጉትም።

ታዲያ ግዴታውን የጣለ ሰው ምን ይደረግ? ባዶ እጃችንን እናጨብጭብ? በፍጹም። እያንዳንዱ ግዴታ የራሱ ማስፈጸሚያ አለው። ግብር የደበቀ ሰው ይመረመራል፤ ያልከፈለው ከነወለዱና ከነመቀጫው ይሰላበታል፤ እምቢ ካለ ንብረቱ ይያዛል፤ ማጭበርበሩ ከተረጋገጠ ይታሠራል። መጥሪያ ደርሶት ያልመጣ ምስክር ተይዞ እንዲቀርብ ይታዘዛል። በአውስትራሊያ ከ1924 ጀምሮ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ግዴታ ነው፤ በቂ ምክንያት ሳይኖረው የቀረ ሰው የገንዘብ መቀጫ ይከፍላል። መቀጫውን ከፍሎ ግን በማግስቱ ቤቱ ቢዘረፍ ፖሊስ «ድምፅ አልሰጠህምና አንመጣም» አይለውም። ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር የተመጣጠነና በሕግ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሥርዓት ማለት ይህ ነው።

የጎረቤትዎ ቤትም ቢሆን ፈጽሞ የማይደፈር ምሽግ አይደለም። መብቶች አብዛኞቹ ገደብ አላቸው፤ ገደቡ ግን በሕግ የተደነገገ፣ ለተገቢ ዓላማ የተፈለገ፣ ከዚያ ዓላማም ያላለፈ መሆን አለበት። ቤት የሚፈተሸው መርማሪው ዳኛ ፊት ቀርቦ ምን ጠረጠርኩ፣ ለምን ጠረጠርኩ፣ የትኛውን ቤት፣ ምን ለመፈለግ ብሎ ሲያስረዳና ዳኛው ሲያምንበት ነው። ፖሊስ ይህን መንገድ ያውቀዋል። ወንጀለኛ ሲያመልጥ ወይም ማስረጃ ሊጠፋ ሲል ያለ ትእዛዝ የሚገባበትን አስቸኳይ ሁኔታም ብዙ አገሮች በሕጋቸው ለይተው አስቀምጠዋል። የሒሳብ ደብተር መደበቅ ግን እሳት እንደማጥፋት አያጣድፍም። ትእዛዝ ለማውጣት ጊዜ ነበረ።

አሁን ወደ አንድ ቃልዎ ልመለስ። «የማያውቅ የለም» ብለዋል። በሥራዬ ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ እንደዚህ የሚያስፈራኝ የለም። ችሎት ውስጥ «ሰው ሁሉ ያውቃል» ሲባል ዳኛው ቀና ብሎ ይጠይቃል፦ ማን አየ? መቼ? የትኛው ሰነድ ላይ? ብዙ ጊዜ መልሱ «እገሌ ነገረኝ» ይሆናል፤ እገሌም ከሌላ እገሌ ሰምቷል። በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 14፣ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ በሕግ መሠረት እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት አለው የሚለው ለዚህ ነው። የማስረዳት ሸክሙ በከሳሹ ትከሻ ላይ ነው። ጎረቤትዎ ያጭበረብር ይሆናል፤ እኔ አላውቅም። እርስዎም ምናልባት በእርግጠኝነት አያውቁም።

ስለዚህ ጉዳይ ክላረንስ ጌዲዮንን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በ1961 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ የቢሊያርድ ቤት ሰብሮ ገብቶ ሰርቋል ተብሎ ተከሰሰ። ጌዲዮን የሚያስቀና ዜጋ አልነበረም፤ ከዚያ በፊትም በተደጋጋሚ ተፈርዶበታል። የማውቃቸው ሰዎች ግማሾቹ «ሌባ ነዋ፣ የማያውቅ የለም» የሚሉት ዓይነት ሰው ነው። ድሃ ስለነበር ፍርድ ቤቱ ጠበቃ እንዲያቆምለት ጠየቀ፤ የግዛቲቱ ሕግ ጠበቃ የሚፈቅደው ሞት ለሚያስፈርድ ክስ ብቻ ነው ተብሎ ተከለከለ። ራሱን ለመከላከል ሞከረና አምስት ዓመት ተፈረደበት። እስር ቤት ተቀምጦ በእርሳስ አቤቱታ ጽፎ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ላከ። በ1963 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ፣ በከባድ ወንጀል ተከሶ ጠበቃ ማቆም ያልቻለ ሰው መንግሥት ሊያቆምለት ይገባል ብለው ወሰኑ። ጉዳዩ እንደገና ሲታይ ጠበቃው የዐቃቤ ሕጉን ዋና ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ አፍረከረከው፤ ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው የሚወስኑት ከተራው ዜጋ የተመረጡ የሕዝብ ዳኞች አንድ ሰዓት ያህል መክረው ጌዲዮንን ነጻ አወጡት። ሁለት ዓመት ታሥሯል። በዚያ አገር ዛሬ ደህና ዜጋ ሆኖ በስሕተት የተከሰሰ ድሃ ሁሉ ጠበቃ የሚያገኘው ይህ በተደጋጋሚ የተፈረደበት ሰው በከፈተው በር ነው።

«ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝስ?» ካሉኝ ደግሞ ኤርኔስቶ ሚራንዳ አለ። በ1963 አሪዞና ውስጥ ተይዞ፣ የመናገር ግዴታ እንደሌለበትና ጠበቃ ማማከር እንደሚችል ሳይነገረው ተናዘዘ። በ1966 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያን ፍርድ ሻረው። ሰው የሚያስታውሰው እዚህ ድረስ ነው፤ «ወንጀለኛ ለቀቁ» ብሎ ይናደዳል። ሚራንዳ ግን እንደገና ተከሶ፣ ያ ኑዛዜ ሳይቀርብ በሌላ ማስረጃ ጥፋተኛ ተብሎ ተቀጥቷል። የተከሳሽን መብት ማክበር ጥፋተኛን ከመቅጣት አያግድም። የሚያግደው በአቋራጭ መቅጣትን ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት በተከላካይ ጠበቃነት የያዝኩት አንድ መዝገብ ከአእምሮዬ አይወጣም። ክሱ ዝርፊያ ነበር። በተከሳሹ ላይ የቀረበው ማስረጃ ጠንካራ ነበር፤ ጥፋተኛ ተብሎም ተቀጣ፤ ፍርዱ ትክክል ነው። ምርመራ ላይ ሳለ ግን ግብረ አበሮችህን ጥራ ተብሎ ተደብድቦ ነበር። ዱላው እንዲቆምለት ሁለት ስም ጠራ። ሁለቱም ተያዙ። አንደኛው ዝርፊያው በተፈጸመበት ሌሊት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ይህ ተጣርቶ እስኪለቀቅ ድረስ ሰባት ወር ታሠረ። የሆስፒታሉን ወረቀት ይዛ በየቢሮው ስትመላለስ የነበረችው እናቱ ናት። ያንን ሌባ የደበደበው መርማሪ «ለሌባ ምን መብት አለው» ብሎ ይሆናል። የዱላው ሕመም ግን ያረፈው ምንም ባላደረገ ሰው ላይ ነው። የጥፋተኛው መብት ሲፈርስ አጥሩ የሚፈርሰው ለሁላችንም ነው የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም።

ከዚህም የከበደ ጉዳይ አለ። በ2002 ጀርመን ፍራንክፈርት ውስጥ አንድ የሕግ ተማሪ የ11 ዓመት ልጅ አግቶ ገንዘብ ጠየቀ። ፖሊስ ያዘው። ልጁ በሕይወት አለ ብለው ያሰቡት ምክትል የፖሊስ አዛዥ፣ ቦታውን ካልተናገረ ከባድ ሥቃይ እንደሚደርስበት ተነግሮት እንዲዛትበት አዘዙ። ተናገረ፤ ልጁ ግን አስቀድሞ ተገድሎ ነበር። ነፍሰ ገዳዩ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። አዛዡና የዛተው መርማሪም ተከሰው ጥፋተኛ ተባሉ፤ ፍርድ ቤቱ የነበሩበትን ጭንቅ ቆጥሮ ቅጣቱን እጅግ ቀላል፣ ያውም በገደብ አደረገው። በ2010 የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ዛቻው ኢሰብአዊ አያያዝ ነው አለ፤ የገዳዩ ፍርድ ግን በችሎት ራሱ በሰጠው የእምነት ቃል ላይ የቆመ በመሆኑ አልተነካም። ይህን መዝገብ ሳነብ እንባዬን የታገልኩት ለልጁ ነው፤ ለገዳዩ ቅንጣት ርኅራኄ የለኝም። ያም ሆኖ ፍርዱ ልክ ነው እላለሁ። ከሥቃይ የመጠበቅ መብት ጦርነትም ሆነ አስቸኳይ ጊዜ የማያነሣው ነው፤ በዚያ ሰው ላይ ከፈቀድነው ቀጥሎ የሚጠየቀው «ለስንት ሰው ሕይወት? በምን ያህል ጥርጣሬ?» ይሆናል፤ ማቆሚያ የለውም።

የተፈረደበት ሰው ከመብቶቹ የሚያጣው በሕግና በፍርዱ የተወሰደበትን ነው። መንቀሳቀስ ተከልክሏል፤ ምግብ፣ ሕክምና፣ ፍርድ ቤት አቤት ማለት አልተከለከለም። ስለ ድምፅ መስጠት አገሮች አልተስማሙም፦ አንዳንዶቹ እስረኛን ይከለክላሉ፣ ሌሎቹ ይፈቅዳሉ። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ1999፣ ሕግ ሳይነሣቸው እስረኞች ድምፅ እንዳይሰጡ ማድረግ አይቻልም ብሎ ምርጫ ቦርዱ እንዲያስተናግዳቸው አዘዘ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ አልቢ ሳክስ ናቸው፤ በ1988 ማፑቶ ውስጥ መኪናቸው ላይ በተጠመደ ቦምብ ቀኝ ክንዳቸውንና የአንድ ዓይናቸውን ብርሃን ያጡ ሰው። የወንጀልን ጉዳት የማያውቁ ሰው ጻፉት ማለት አይቻልም። እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ በዚህ ጉዳይ የሚቃወሙኝን የሙያ ባልደረቦቼን ክርክርም ግን እንደ ቀላል አላየውም።

ይህን ሁሉ ስል ግዴታን አቅልዬ እንደሆነ እንዳይመስልዎት። ግዴታ ከሌለ መብት ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ግን የሆፌልድን ሳንቲም ያስታውሱ፣ የኔ ግዴታ የሚጠብቀው የሌላውን መብት ነው። በ1670 ለንደን ውስጥ ዊልያም ፔንና ዊልያም ሚድ በአደባባይ በመስበካቸው፣ ሁከት ያስከተለ ስብሰባ አደረጉ ተብለው ተከሰሱ። ዳኞቹ፣ ጉዳዩን እንዲያዩ የተሰየሙት ተራ ዜጎች ጥፋተኛ እንዲሏቸው ፈለጉ። ዜጎቹ እምቢ አሉ። ያለ ምግብ፣ ያለ ውኃ ተቆለፈባቸው፤ አሁንም አላጠፉም አሉ። መቀጫ ተጣለባቸው፤ ኤድዋርድ ቡሼል የተባለው አልከፍልም ብሎ እስር ቤት ገባ። በመጨረሻ ዋና ዳኛ ቮን ፈቱት፤ የሕዝብ ዳኛ በኅሊናው ለሰጠው ውሳኔ አይቀጣም የሚለው መርህ ከዚያ ወጣ። ቡሼል የዜግነት ግዴታውን ተወጣ፤ መብቱ የተጠበቀው ግን የፔን ነው።

በኔ እምነት በዘመናችን የተረሳው ግዴታ ከግብርም ይልቅ የምስክርነት ግዴታ ነው። ዓይኑ እያየ የተፈጸመ ወንጀል ሲጠየቅ «እኔ ምን አገባኝ» ብሎ የሚሸሽ ሰው በዝቷል። የምስክር እጦት ስንት እውነተኛ ክስ እንደገደለ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚህ በላይ የሚከብደው ደግሞ የባለሥልጣን ግዴታ ነው፤ ተራው ሰው ሕግ ቢጥስ ሕግ ያስተካክለዋል፤ ሕግ አስከባሪው ሲጥስ ግን ለማን አቤት ይባላል? ለዚህ ነው የጎረቤትዎ ክስ የእርስዎም ጉዳይ የሆነው።

ስለዚህ በእጅዎ ያለውን ነገር ልንገርዎ። ጎረቤትዎ ግብር ሲያጭበረብር በዓይንዎ ያዩት፣ በእጅዎ የገባ፣ በጆሮዎ ከራሱ የሰሙት ነገር ካለ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያመልክቱ። ያዩትን ከሰሙት ለይተው፣ ቀኑንና ቦታውን ጠቅሰው ይጻፉ፤ የጥቆማ አቅራቢ ጥበቃ በሕግ ካለ አስቀድመው ይጠይቁ። ምርመራው በዚያ መንገድ ይሂድ። በፍተሻው ጊዜ በቦታው ከነበሩ ደግሞ ለምስክርነት ሊጠሩ ይችላሉ። ያኔ ጎረቤትዎን እንደማይወዱት ለራስዎ ያስቀምጡትና፣ ፖሊሶቹ ስንት እንደነበሩ፣ ወረቀት አሳይተው እንደሆነ፣ ምን ይዘው እንደወጡ፣ ያዩትን ብቻ ይናገሩ። ዳኛው ከእርስዎ የሚፈልገው ያን ነው።